ለአሮጌ ብስክሌት አዲስ ፍሬን፦ ከመግዛት በፊት መለካት

(በሮቫ ቫቭ ለወጣቶችና ለወላጆች የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ የብስክሌት ፍሬን ነው። ልጆቻችን «ብላሚም» የሚሉት። ግን በየዓመቱ በአስተስርዮ ቀን፣ በዮም ኪፑር ማለት ነው፣ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ትልልቆቹ በጾምና በጸሎት ላይ ናቸው፤ መኪና አይንቀሳቀስም፤ መንገዱ በሙሉ የልጆች ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ሚርፔሴት ላይ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት የከረመው፣ ማህሳን ውስጥ አቧራ የለበሰው ብስክሌት ሁሉ ያን ዕለት ይወርዳል። ጎማው ይነፋል፣ ካቴናው ዘይት ይቀባል፣ ኮርቻው ይጠረጋል። ፍሬኑን ግን የሚያየው ጥቂት ሰው ነው። ለምን? ጎማው ካልተነፋ ብስክሌቱ አይሄድም፤ ስለዚህ ማንም ይነፋዋል። ፍሬኑ ባይሠራ ግን ብስክሌቱ ይሄዳል። ጉድለቱ የሚታወቀው መቆም ባስፈለገ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

በተለይ የምናነሣው ስለ አንድ ዓይነት ብስክሌት ነው። ቴላዮው ብረት የሆነ፣ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት የተሠራ የመንገድ ብስክሌት። በሰፈራችን ወጣቶቹ እየወደዱት ነው። በርካሽ ይገኛል፣ ጠንካራ ነው፣ ያምራልም። እኛም እንወደዋለን። ግን በአብዛኛው ከአንድ ሰው እጅ በላይ ያለፈ ነው። አንዱ ቸርኬውን ለውጦታል፣ ሌላው መሪውን። ፍሬኑ ግን የድሮው እንደሆነ ቀርቷል፤ ወይም ከሌላ ብስክሌት ተፈትቶ ተገጥሟል። «ይይዛል እኮ!» ይባላል። መያዙና ልኩ መሆኑ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ የዛሬው ቃላችን አጭር ነው፤ ፍሬን የሚመረጠው በልክ እንጂ በዋጋም በስምም አይደለም። አባቶቻችን «አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ» ይላሉ። ለፍሬን አራት ልክ ይበቃል።

ብስክሌት ለእኛ እንግዳ ዕቃ አይደለም

ወደ ልኩ ከመግባታችን በፊት ለወጣቶቹ አንድ ነገር እንንገራችሁ። ወላጆቻችሁ ስለ ብስክሌት ምንም የማያውቁ የሚመስላችሁ ካላችሁ ቃላቸውን አዳምጡ። ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ካቴና፣ ጎማ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ የጋራዥ ቃላት ናቸው። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሰው ብስክሌት የከተማው እግር መሆኑን ያውቃል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው፤ ይኸው አሽዶዳችን የተመሠረተችበት ዓመት መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያ ዓመት ቱር ላይ ብስክሌተኞቹ ከተራራ ቁልቁል ሲወርዱ ያቆማቸው የነበረው ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚቆነጥጥ ፍሬን ነው። አሠራሩ በእኛ አሮጌ ብስክሌት ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ስለዚህ «የድሮ ዓይነት ስለሆነ አይዝም» የሚባለው ትክክል አይደለም። ልኩ ከሆነና ከተጠበቀ ይይዛል።

መጀመሪያ፦ መለወጥ ያስፈልጋል ወይ?

ፍሬን ደከመ ማለት ሁልጊዜ ፍሬኑ ይጣል ማለት አይደለም። ቸርኬውን የሚቆነጥጠውን ብረት ለዛሬ «መንጋጋ» እንበለው። መንጋጋው ደህና ሆኖ ሳለ የፍሬን ጎማው አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ጎማ ሲያረጅ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። በጥፍራችሁ ጫን በሉት፤ ምንም ካልሰጠ፣ ወይም ከተሰነጣጠቀ፣ ወይም በላዩ ላይ ያሉት ቦዮች ከጠፉ ይለወጥ። ከፍሬን ዕቃ ሁሉ ርካሹ እርሱ ነው።

ሁለተኛው ገመዱ ነው። እኛ የምንኖረው ባሕር ዳር ላይ ነው። የባሕሩ ጨው በነፋስ መጥቶ ብረቱ ላይ ያርፋል፤ ገመዱን ከነሽፋኑ ውስጥ ለውስጥ ያዝገዋል። እጀታውን ስትጨብጡት ከከበደ፣ ስትለቁትም ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ገመዱ ነው። ገመዱንም ሽፋኑንም አብራችሁ ለውጡ። አዲስ ገመድ በዛገ ሽፋን ውስጥ ማስገባት ጥቅም የለውም።

እነዚህን ለውጣችሁ ፍሬኑ በደንብ ከያዘ እሰየው፤ ገንዘባችሁ ተረፈ። መንጋጋው ከተጣመመ፣ ከተሰነጠቀ፣ መጋጠሚያው ላይ ከተወዛወዘ፣ ወይም ጎማው ቸርኬው ጋ የማይደርስ ከሆነ ግን አዲስ ያስፈልጋል። መለካት የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አንደኛው ልክ፦ የቸርኬው ስፋት

የድሮ የመንገድ ብስክሌቶች ብዙዎቹ «27» የሚባል ጎማ ነበራቸው። ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው «700» የሚባለው ነው። በዓይን ሲያዩአቸው አንድ ይመስላሉ፤ አይደሉም። ጎማው ጎን ላይ በሰረዝ የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ለምሳሌ 32-630 ወይም 25-622። ሁለተኛውን ቁጥር አንብቡ። 630 ከሆነ የድሮው ነው፤ 622 ከሆነ የዛሬው። ልዩነታቸው 8 ሚሊሜትር ነው። ይህ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስለሆነ በአንድ ወገን 4 ሚሊሜትር ይሆናል። የ27 ቸርኬ ወጥቶ የ700 ሲገባ የቸርኬው ጠርዝ በ4 ሚሊሜትር ከፍሬኑ ይሸሻል ማለት ነው።

አራት ሚሊሜትር ምን ያደርጋል? ብዙ ያደርጋል! የፍሬኑ ጎማ ካልወረደ ቸርኬውን ትቶ የብስክሌቱን ጎማ ይፈትጋል። ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ አንድ ቀን እየሄዱ ይፈነዳል። በተቃራኒው የፍሬኑ ጎማ በጣም ወርዶ ከሆነ ከቸርኬው ሥር ሾልኮ ወደ ሽቦዎቹ ይገባል። ይህ በፊተኛው ጎማ ላይ ከሆነ ጎማው ድንገት ቀጥ ይላል፤ ልጁም በመሪው ላይ አልፎ ይወረወራል። በመውደቅና በመቆም መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ አራት ሚሊሜትር ነው።

ሁለተኛው ልክ፦ የመንጋጋው ርዝመት

ዋናው ልክ ይህ ነው። ማስመሪያ ያዙ። ፍሬኑ የሚታሰርበት ብሎን ከሚገባበት ቀዳዳ መሐል ጀምራችሁ ቀጥታ ወደ ታች፣ ቸርኬው ላይ የፍሬን ጎማ እስከሚያርፍበት ቦታ መሐል ድረስ ለኩ። በሚሊሜትር ጻፉት። የፊቱን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ ለኩ፤ ሁልጊዜ እኩል አይደሉም። ስትለኩ ወደፊት የምትጠቀሙበት ጎማ ተገጥሞ ይሁን።

የዛሬ እሽቅድምድም ብስክሌቶች ፍሬን አጭር ነው፤ በአብዛኛው ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር ይደርሳል። መካከለኛው ከ47 እስከ 57 ይደርሳል። ከዚያ የሚረዝምም አለ፤ የታይዋኑ ቴክትሮ ከ55 እስከ 73 የሚደርስ ይሠራል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የ27 ጎማ ያለው ብስክሌት ከኋላ 50 ሚሊሜትር ተለካ እንበል። የ700 ቸርኬ ሲገባለት አራት ይጨመርና 54 ይሆናል። አሁን ከሱቁ በጣም ውዱን፣ ስሙ የታወቀውን የእሽቅድምድም ፍሬን ብታመጡለት 49 ላይ ያበቃል። አይደርስም። መካከለኛው ግን በርካሽ ዋጋ በደንብ ይደርሳል። ውድ ስለሆነ ብቻ አንድም ሚሊሜትር አይጨምርም።

«እንግዲያው ረጅሙን ገዝተን ለሁሉም እናድርገው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እርሱም አይሆንም። መንጋጋው በረዘመ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ይለመጣልም። የሚደርሰውን ያህል ብቻ እንጂ ከዚያ የረዘመ አትግዙ።

ሦስተኛው ልክ፦ ብሎኑና ዳዶው

በድሮው ብስክሌት የፍሬኑ ብሎን ረጅም ነው። ሹካውን አልፎ በወዲያ በኩል ይወጣና በሮንዴላና በዳዶ ይታሰራል፤ ዳዶው ከውጭ ይታያል። በአዲሱ ግን ብሎኑ አጭር ነው። እንደ ቱቦ ያለ ዳዶ በሹካው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይይዘዋል፤ በ5 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ ይጠብቃል። ብሎኑ በሁለቱም 6 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ለአዲሱ ግን የሹካው የኋላ ቀዳዳ 8 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ የድሮው ሹካ ይህ የለውም።

ምን ይደረግ? ቀላሉ መንገድ ከመጀመሪያው «ባለ ረጅም ብሎን፣ በውጭ ዳዶ የሚታሰር» ፍሬን መግዛት ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ሁለተኛው ዘዴ ለኋላው ነው። ከአዲሶቹ ፍሬኖች የፊተኛው ብሎን ከኋለኛው ይረዝማል። ስለዚህ ለፊት ተብሎ የተሠራውን ከኋላ አድርጎ በተራ ዳዶ ማሰር ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሦስተኛው የሹካውን የኋላ ቀዳዳ ብቻ ወደ 8 ማስፋት ነው፤ የፊቱ ቀዳዳ 6 እንደሆነ ይቀራል። ይህን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። የልጁን ሙሉ ክብደት የሚሸከም ብረት ነው፤ የሚያውቅ የብስክሌት ጠጋኝ ይሥራው። ዳዶው ደግሞ በመንቀጥቀጥ የማይላላ፣ ውስጡ ናይለን ያለው ይሁን።

አራተኛው ልክ፦ እጀታውና ገመዱ

እጀታና መንጋጋ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱ የሚስበውን ያህል ሌላው መቀበል አለበት። በተራራ ብስክሌት ላይ በሹካው ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ያሉት ፍሬን አይታችኋል፤ ቪ ብሬክ ይባላል። የእርሱ እጀታ ከመንገድ ብስክሌት እጀታ እጥፍ ያህል ገመድ ይስባል። ያን እጀታ ከእኛ መንጋጋ ጋር ስታገናኙት ለእጅ ጠንካራ መስሎ ይሰማል፤ ብስክሌቱ ግን አይቆምም። የመንገድ እጀታን ከቪ ብሬክ ጋር ብታገናኙ ደግሞ እጀታው መሪው ጋ ይደርሳል፤ ፍሬኑ ገና አልያዘም። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

የተጠማዘዘውን መሪ አውጥታችሁ ቀጥ ያለ ለምታስገቡ ልጆች ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። እጀታውም አብሮ ይለወጣል፤ የተጠማዘዘው መሪ የእጀታ መያዣው ቦታ ላይ 23.8 ሚሊሜትር፣ ቀጥ ያለው 22.2 ነው። ስትገዙ «ለቀጥ ያለ መሪ፣ ግን ለመንገድ ፍሬን» ብላችሁ ጠይቁ። የገመዱም ራስ ይለያያል፤ የመንገዱ ትንሽና እንደ ዕንባ ጠብታ፣ የቀጥ ያለው መሪ እንደ በርሜል ነው።

የድሮው ፍሬናችሁ ገመዱ ከመሐል ወደ ላይ የሚስበው ዓይነት ከሆነ፣ የፈረንሳዩ ማፋክና የስዊዙ ቫይንማን ይሠሩት የነበረው ማለት ነው፣ የገመዱ ሽፋን መንጋጋው ጋ ሳይደርስ ከላይ ባለ መያዣ ላይ ያበቃል። ከጎን የሚስበውን ስትገዙለት ሽፋኑ እስከ መንጋጋው ድረስ መርዘም አለበት። ስለዚህ ገመዱን ከነሽፋኑ አስቀድማችሁ ረዘም አድርጋችሁ ግዙ።

ቸርኬውን አትርሱ

አራቱ ልኮች ተሟልተው እንኳ አንድ ነገር ይቀራል። የድሮ ቸርኬ አንዳንዱ ክሮም የተቀባ ብረት ነው። በደረቅ ጊዜ ይይዛል፤ ዝናብ ሲነካው ግን የፍሬን ጎማ ይንሸራተትበታል፤ መቆሚያው በጣም ይርቃል። እንዴት ታውቁታላችሁ? ከፍሪጅ በር ላይ ማግኔት አንሡና አስጠጉት። ከተጣበቀ ብረት ነው፤ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ነው። ብረት ከሆነና ልጁ ክረምት ላይ የሚነዳ ከሆነ፣ ውድ ፍሬን ከመግዛት ይልቅ ያንኑ ገንዘብ ለአሉሚኒየም ቸርኬ ማዋል ይሻላል። ከዚያ ግን እንደገና ለኩ፤ 630 ወጥቶ 622 ገብቶ ይሆናላ!

ከተገጠመ በኋላ

የፍሬኑ ጎማ በሙሉ ቸርኬው ላይ ይረፍ፤ ወደ ላይ የብስክሌቱን ጎማ አይንካ፣ ወደ ታችም አይንጠልጠል። የፊት ጫፉ ከኋላው ጫፍ ትንሽ ቀድሞ ቢነካ አይጮኽም። የፍሬኑ ጎማ በብረት ቤት ውስጥ የሚንሸራተት ዓይነት ከሆነ የቤቱ ዝግ ጫፍ ወደ ብስክሌቱ ፊት ይዙር። ተገልብጦ ከተገጠመ ፍሬን ሲያዝ ጎማው ከቤቱ ይወጣል፤ ፍሬኑም የለም ማለት ነው። ይህን አሁን ቤት እንደገባችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ከዚያ መፈተን ነው። ቆማችሁ ሁለቱንም እጀታ ባላችሁ ኃይል ጨብጡ፤ መሪውን መንካት የለበትም። የፊቱን ብቻ ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊት ግፉት፤ የፊት ጎማው መዞር የለበትም። የኋላውንም እንዲሁ። ቀጥሎ በዝግታ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ንዱት። ፍሬን ሲያዝ ክብደታችን ወደፊት ስለሚሄድ ይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ነው። ግን በድንገት ከተጨበጠ ይጥላል። ትናንሾቹን በሁለት እጅ፣ ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝ አስተምሯቸው። ካስዳውንም አትርሱ፤ ከ18 ዓመት በታች ላለ በሕግ ግዴታ ነው።

ለወላጆች

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ሱቅ ሄደን በዕብራይስጥ ይህን ሁሉ እንዴት እናስረዳለን?» ትላላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የዛሬው ጉዳያችን ነው። ቁጥር አስተርጓሚ አይፈልግም። አንድ ወረቀት ላይ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ ቸርኬ 622፤ ፊት 51፤ ኋላ 54፤ ብሎን ረጅም፣ ዳዶ በውጭ፤ መሪ የተጠማዘዘ። ቁጥሮቹ በእናንተ ብስክሌት ልክ ይሆናሉ። የድሮውን ፍሬን ፈትታችሁ ከወረቀቱ ጋር ያዙ። ያን የያዘ ሰው የማይሆነውን አይሸጡለትም፤ ቢሸጡለትም ይመልሳል፣ ምክንያቱን ያውቃልና። ልጃችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ሲለካም አብራችሁ ቁሙ፤ ወንድ ልጅ ይሁን ሴት ልጅ፣ ማስመሪያውን ለልጁ ስጡ። እናንተ የፒንሳውንና የዳዶውን ነገር ታውቃላችሁ፤ እነርሱ በማስመሪያው ላይ ያለውን ያነባሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ሥራው ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እንላለን። ከታላቅ ወደ ታናሽ ብስክሌት ሲተላለፍ ፍሬኑ ሳይታይ አይተላለፍ። «ለጊዜው ፈታሁት፣ ይነካብኝ ነበር» የሚል ልጅ ካለ አትቆጡት፤ ለምን እንደሚነካ ለኩለት። የሚነካ ፍሬን ልኩ ያልሆነ ፍሬን ነው፤ መድኃኒቱ ፈትቶ መጣል ሳይሆን ልኩን መፈለግ ነው።

በዮም ኪፑር ዋዜማ ሱቁ ይዘጋል፤ ጠጋኙም ይሄዳል። ስለዚህ ይህ ሥራ የኤሉል ወር ሥራ ይሁን። ማኅበራችን ጋ ማስመሪያውም ቁልፉም አለ፤ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እንለካለን።

 እግዚአብሔር ልጆቻችሁን ይጠብቅላችሁ።